የሮታቫይረስ ዝርያዎች ዘገባ እንዴት ይነበብ? ሂሳዊ ምልከታ

መግቢያ

ሕፃናትን ለአጣዳፊ ተቅማጥ፣ ለትውከትና ለሰውነት ፈሳሽ መሟጠጥ ከሚዳርጉ ተሐዋስያን መካከል ሮታቫይረስ ለረጅም ዘመን ግንባር ቀደሙን ሥፍራ ይዞ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ክትባቱ በስፋት ከመዳረሱ በፊት በነበረው ግምት መሠረት በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 453,000 ያህል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በዚህ ቫይረስ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ሞቶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው የደረሰው በአምስት አገሮች ሲሆን፣ እነርሱም ሕንድ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ኢትዮጵያና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቫይረሱ የሚወጡ ጽሑፎች እጅግ በዝተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ከሆስፒታል የተሰበሰበ የዓይነ ምድር ናሙና ይመረመራል፤ የቫይረሱ የዘረመል ዝርያዎች (ጄኖታይፖች) በመቶኛ ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም «በአካባቢው የሚዘዋወሩት ዝርያዎች በክትባቱ ውስጥ ካለው ዝርያ የተለዩ በመሆናቸው የክትባቱ ውጤት አጠራጣሪ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታከላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መመርመር ነው። ድምዳሜው ከቀረበው መረጃ በእርግጥ ይመነጫልን? የሚለው ጥያቄ ለቤተ ሙከራ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ድምዳሜው ከመጽሔት ገጽ ወጥቶ ወደ ጤና ኬላ ሲደርስ «ይህ ክትባት ለእኛ አገር ቫይረስ አይሆንም» ወደሚል ንግግር ይለወጣልና።

የስያሜው ትርጉምና ወሰን

ሩት ቢሾፕና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1973 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ትንሹ አንጀት የተወሰደ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ቫይረሱን አገኙት። ቅርጹ መንኰራኵር ስለሚመስል በላቲን ቋንቋ መንኰራኵር ማለት ከሆነው «ሮታ» ከሚለው ቃል ስያሜውን አግኝቷል። የቫይረሱ ዘረመል ድርብ ሰንሰለት ያላቸው አሥራ አንድ የአር ኤን ኤ ክፍልፋዮችን የያዘ ነው። በውጨኛው ሽፋኑ ላይ ሁለት ፕሮቲኖች ይገኛሉ። ቪፒ7 የተባለው የ«ጂ» ዓይነትን፣ ቪፒ4 የተባለው ደግሞ የ«ፒ» ዓይነትን ይወስናል። «ጂ1ፒ[8]» የሚለው መጠሪያ የእነዚህ የሁለቱ ድምር ነው። በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚታወቁት ጂ1ፒ[8]፣ ጂ2ፒ[4]፣ ጂ3ፒ[8]፣ ጂ4ፒ[8]፣ ጂ9ፒ[8] እና ዘግየት ብሎ የተስፋፋው ጂ12ፒ[8] ናቸው። በአፍሪካ ጂ8 እና ፒ[6] ከሌላው ዓለም ይልቅ በርከት ብለው ይታያሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ስያሜ ከአሥራ አንዱ ክፍልፋዮች ስለ ሁለቱ ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቀሪዎቹ ዘጠኝ ዝም ይላል። ከእነዚህም መካከል በመካከለኛው ሽፋን የሚገኘው ቪፒ6 እና እንደ መርዝ ሆኖ ተቅማጥን የሚያስከትለው ኤንኤስፒ4 ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁሉንም አሥራ አንድ ክፍልፋዮች ያካተተ የአመዳደብ ሥርዓት የቀረበውም ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። ይህ ሥርዓት ሰውን ከሚያጠቁት ቫይረሶች አብዛኞቹ በሁለት ታላላቅ ቤተሰቦች፣ ይኸውም «ዋ መሰል» እና «ዲ ኤስ-1 መሰል» በተባሉት ሥር እንደሚመደቡ አሳይቷል። ሁለት ዓይነት ቫይረስ በአንድ ሕፃን አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ክፍልፋዮቻቸውን ስለሚለዋወጡ ተመሳሳይ መጠሪያ ያላቸው ሁለት ቫይረሶች በውስጣቸው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። እንደዚሁም በመጠሪያ የተራራቁት በብዙ ክፍልፋይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ «ክትባቱ ከዝርያው ጋር ይገጥማል» ወይም «አይገጥምም» የሚለው ፍርድ ከመነሻው በሁለት ፕሮቲኖች ላይ ብቻ የቆመ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ሁለት አስተሳሰቦች፣ ሁለት ክትባቶች

የዝርያ ጉዳይ ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በክትባት ሥራ መጀመሪያ ዘመን ተመራማሪዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን መከላከያው የሚገኘው ቪፒ7ን እና ቪፒ4ን ከሚያመክኑ አንቲቦዲዎች ስለሆነ ክትባቱ ዋና ዋናዎቹን ዝርያዎች ሁሉ መያዝ አለበት አለ። ከዚህ አስተሳሰብ የተወለደው አራት ዝርያዎችን የያዘው ሮታሺልድ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፈቃድ ቢያገኝም፣ አንጀት ወደ አንጀት የመግባት ችግርን (ኢንተሰሰፕሽን) በማስከተሉ በ1999 ከገበያ ወጥቷል። ከዚያው አስተሳሰብ የተገኘው ሮታቴክ ጂ1፣ ጂ2፣ ጂ3፣ ጂ4 እና ፒ[8]ን ይዞ በ2006 በዚያው አገር ተፈቅዷል።

ሁለተኛው ወገን ግን አንድ ጊዜ በሰው ቫይረስ የተጠቃ ሕፃን ለሌሎቹም ዝርያዎች መከላከያ ያገኛል የሚል ነበር። ከአንድ የተዳከመ ጂ1ፒ[8] የሰው ቫይረስ የተሠራው ሮታሪክስ የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ነው። በመሆኑም በሁለቱ ክትባቶች መካከል የሚደረገው ንጽጽር የዝርያን ክብደት ለመፈተን ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ያህል ምቹ መመዘኛ ነው። ዝርያ ወሳኝ ከሆነ ዝርያዎች በሚበዙበት ምድር ብዙ ዝርያ የያዘው ክትባት በግልጽ መብለጥ ይኖርበታል።

መረጃው ምን ይላል?

በበለጸጉ አገሮች ሁለቱም ክትባቶች ከባድ ሕመምን በመከላከል ረገድ የተቀራረበ ውጤት አሳይተዋል። ሮታቴክ በያዛቸው ዝርያዎች ላይ 98 በመቶ፣ ሮታሪክስ ደግሞ በአውሮፓ በመጀመሪያው የወረርሽኝ ወቅት 96 በመቶ ገደማ የመከላከል ብቃት ነበራቸው። በአውሮፓ የተዘዋወረው ቫይረስ ጂ1 ብቻ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በአፍሪካና በእስያ የተገኘው ግን ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጥናት ሮታሪክስ በደቡብ አፍሪካ 76.9 በመቶ፣ በማላዊ 49.4 በመቶ ከባድ የሮታቫይረስ ተቅማጥን ተከላክሏል። በማላዊ የተገኙት ዝርያዎች ብዙና የተለያዩ ስለነበሩ ብዙ አንባብያን ልዩነቱን ወዲያውኑ በዝርያ ተረጎሙት። ነገር ግን በዚያው ዓመት የወጣው የሮታቴክ ጥናት በጋና፣ በኬንያና በማሊ 39.3 በመቶ፣ በባንግላዴሽና በቬትናም ደግሞ 48.3 በመቶ ብቻ ነበር ያሳየው። አራት የጂ ዓይነቶችን የያዘው ክትባት በድሃ አገሮች አንድ ብቻ ከያዘው አልበለጠም። ጥናቶቹ በተለያዩ አገሮችና በተለያየ የክትትል ጊዜ የተካሄዱ በመሆናቸው ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን ክትባት ከሌላው ማስበለጥ አይቻልም። ይሁን እንጂ የሁለቱም ክትባቶች ብቃት በአንድነት መውረዱ ምክንያቱ ከክትባቱ የዝርያ ይዘት ውጭ መፈለግ እንዳለበት በግልጽ ያመለክታል።

ከዚህም የሚጠነክር ማስረጃ ከተፈጥሮ ሕመም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የሜክሲኮ ጥናት ሁለት ጊዜ በቫይረሱ የተያዘ ሕፃን ከዚያ በኋላ መካከለኛም ሆነ ከባድ የሮታቫይረስ ተቅማጥ አልያዘውም። በ2011 በወጣው በሕንድ ቬሎር በተካሄደው ጥናት ግን ሦስት ጊዜ የተያዙት እንኳ ያገኙት መከላከያ 79 በመቶ ብቻ ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ አስቀድሞ በጂ1ፒ[8] የተያዘ ሕፃን በዚያው ዝርያ ዳግም እንዳይያዝ የተለየ መከላከያ ማግኘቱ አለመታየቱ ነው። እዚህ ላይ ክትባት የለም፤ በቫይረሱና በመከላከያው መካከልም የዝርያ ልዩነት የለም። መከላከያው ግን ደካማ ነው። የዝርያ አለመግጠምን እንደ ዋና ምክንያት የሚያቀርብ ጸሐፊ ይህን ውጤት ሊያልፈው አይችልም።

የመቶኛ ወጥመድ

በዝርያ ዘገባዎች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታየው ሌላው ጉድለት የስሌት ነው። አንድ ሆስፒታል ከክትባት በፊት በዓመት 200 የሮታቫይረስ ሕሙማን ሕፃናት ነበሩት እንበል። ከእነዚህ 120 (60 በመቶ) ጂ1ፒ[8]፣ 40 (20 በመቶ) ጂ2ፒ[4]፣ የቀሩት 40 ሌሎች ዝርያዎች ነበሩ። ክትባቱ ከተጀመረ በኋላ የሕሙማኑ ቁጥር ወደ 80 ወረደ። ከእነዚህ 24 (30 በመቶ) ጂ1ፒ[8]፣ 32 (40 በመቶ) ጂ2ፒ[4]፣ 24 ደግሞ ሌሎች ሆኑ። መቶኛውን ብቻ የሚያትም ዘገባ «ጂ2ፒ[4] በእጥፍ ጨመረ» ይላል። በእርግጥ የሆነው ግን በጂ2ፒ[4] የታመሙት ሕፃናት ከ40 ወደ 32 መቀነሳቸው ነው። ይህ ምሳሌ ክትባቱ በጂ2ፒ[4] ላይ ከጂ1ፒ[8] ይልቅ ደካማ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ ይህም ሊጠና የሚገባው እውነተኛ ጥያቄ ነው። «ክትባቱ አዲስ ወረርሽኝ አመጣ» የሚለው ንባብ ግን ከቁጥሩ አይወጣም። ስለዚህ የሕሙማኑን ጠቅላላ ቁጥርና የተመረመሩትን ብዛት ከመቶኛው ጋር አብሮ የማያቀርብ ሠንጠረዥ ግማሽ ሠንጠረዥ ነው።

የብራዚል ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። አገሪቱ ሮታሪክስን በ2006 መስጠት ከጀመረች በኋላ ጂ2ፒ[4] ገንኖ ታየ። ከዚያም «ክትባቱ ዝርያ መረጠ» የሚል ሥጋት በሰፊው ተሠራጨ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ክትባቱን ገና ባልጀመሩት በፓራጓይና በአርጀንቲና ጭምር ይኸው ዝርያ ከፍ ብሎ ነበር። ጂ2ፒ[4] ክትባት ከመኖሩ በፊትም በየጥቂት ዓመታቱ ብቅ እልም የሚል ዝርያ መሆኑ ይታወቃል። ቁም ነገሩ ደግሞ ይህ ዝርያ በገነነባቸው ዓመታት በብራዚል ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት በተቅማጥ የሚደርሰው ሞት በ22 በመቶ፣ ለሕክምና ተኝተው የሚታከሙት ቁጥር ደግሞ በ17 በመቶ መቀነሱ ነው። የንጽጽር አካባቢ የሌለው «በፊት እና በኋላ» ዘገባ የተፈጥሮን ዑደት ከክትባት ውጤት ሊለይ አይችልም።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ክትባቱ በድሃ አገሮች የሚደክምበት ምክንያት አንድ አይመስልም። በአፍ የሚሰጥ ሕያው ክትባት መከላከያ የሚያስገኘው በአንጀት ውስጥ መራባት ሲችል ነው። ከእናት በማኅፀንና በጡት ወተት የሚተላለፍ አንቲቦዲ፣ አብሮ የሚሰጠው የአፍ ፖሊዮ ክትባት፣ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት፣ በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የተጎዳ የአንጀት ግድግዳ ሁሉም በዚህ መንገድ ላይ እንቅፋት እንደሚሆኑ ተጠቁሟል። ሆኖም እነዚህም መላምቶች ቢሆኑ ያለ ፈተና የሚታለፉ አይደሉም። ለአብነት ያህል በደቡብ አፍሪካና በፓኪስታን በክትባቱ ሰዓት ጡት ማጥባትን ለአጭር ጊዜ ማቆም ተሞክሮ ጥቅም አላስገኘም። ስለዚህ እናቶችን «ከክትባቱ በፊትና በኋላ አታጥቡ» ማለት ማስረጃ የሌለው ምክር ነው።

የሕፃኑ የራሱ ዘረመልም ድርሻ አለው። ቪፒ4 ከአንጀት ሴሎች ጋር የሚጣበቀው ከደም ዓይነት ጋር ዝምድና ባላቸው የስኳር ሰንሰለቶች አማካይነት ሲሆን፣ እነዚህ ሰንሰለቶች የሚወሰኑት «ሴክሬተር» እና «ሉዊስ» በተባሉት የዘረመል ዓይነቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቡርኪና ፋሶ የወጣ ጥናት ፒ[8] በሴክሬተር ሕፃናት ላይ፣ ፒ[6] ደግሞ የሉዊስ ሰንሰለት በሌላቸው ሕፃናት ላይ እንደሚያይል አሳይቷል። ሉዊስ አልባ የሆነው የሕዝብ ክፍል በአፍሪካ ከሌላው ዓለም ስለሚበዛ የፒ[6] በአህጉሩ መብዛት ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ይመስላል። የክትባቱ ቫይረስ ራሱ ፒ[8] በመሆኑ አንዳንድ ሕፃናት ክትባቱን «ላይቀበሉት» ይችላሉ ማለት ነው። እንግዲህ የዝርያው ስም ከሕፃኑ ዘረመል ተነጥሎ ሲጻፍ የታሪኩ እኩሌታ ይጎድላል።

የዝርያ ጥናት ተገቢ ሥፍራ

ከላይ የቀረበው ሂስ የዝርያ ጥናት አያስፈልግም የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው ያስፈልጋል። የዝርያ ልዩነት ምንም ክብደት የለውም ማለትም አይቻልም። ሮታሪክስ በላቲን አሜሪካ ሲፈተን በጂ2ፒ[4] ላይ ያሳየው ብቃት ዝቅ ያለ መስሎ ታይቶ ነበር፤ የተገኙት ሕሙማን ግን ጥቂት ነበሩ። በማላዊም ክትባቱ በ2012 ከተጀመረ በኋላ በተደረገው ጥናት አጠቃላይ ውጤታማነቱ 64 በመቶ ሲሆን፣ ለጂ1 የተገኘው ግምት ለጂ2ና ለጂ12 ከተገኘው ከፍ ያለ ነበር። በሌላ በኩል በ2014 ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ የወጣ ትንተና ሁለቱም ክትባቶች በያዟቸውም ሆነ ባልያዟቸው ዝርያዎች ላይ ተቀራራቢ መከላከያ እንደሚሰጡ ደምድሟል። ሚዛናዊው ንባብ የዝርያ ልዩነት መጠነኛ ተጽዕኖ ሊኖረው እንደሚችል፣ በአገሮች መካከል የሚታየውን ሰፊ ልዩነት ግን ብቻውን እንደማያስረዳ የሚቀበል ነው።

ክትትሉ መቀጠል ያለበት ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአውስትራሊያ ከፈረስ ቫይረስ ጋር የሚመሳሰል ጂ3ፒ[8] በዲ ኤስ-1 መሰል አካል ላይ ተሳፍሮ ተከስቷል። በማላዊም ከክትባቱ በኋላ መጠሪያው እንደ ክትባቱ ጂ1ፒ[8] የሆነ፣ አካሉ ግን ዲ ኤስ-1 መሰል የሆነ ቫይረስ ተገኝቷል። የተለመደው የጂ እና የፒ ምርመራ ሁለቱንም «የታወቀ ዝርያ» ብሎ ያልፋቸዋል። ሊለዩ የሚችሉት ሙሉ ዘረመላቸው ሲነበብ ብቻ ነው። እንዲሁም መለያ ኬሚካሎቹ (ፕራይመሮች) ከቫይረሱ ለውጥ ጋር ካልታደሱ ናሙናዎች «ሊለዩ ያልቻሉ» ተብለው ይቀራሉ። የእነዚህን ብዛት የማይገልጽ ዘገባ ሙሉ ሊባል አይችልም።

ለጤና ባለሙያው ምን ይተርፋል?

በማላዊው ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ ውጤት አለ። ክትባቱ በየዓመቱ ከተከተቡ 100 ሕፃናት መካከል በደቡብ አፍሪካ 4.2፣ በማላዊ ደግሞ 6.7 የሚሆኑ ከባድ የሮታቫይረስ ተቅማጥ ክስተቶችን አስቀርቷል። ይህም ማለት የመከላከል ብቃቱ ዝቅ ባለበት አገር የዳኑት ሕፃናት በለጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕመሙ በበዛበት ምድር ግማሽ መከላከያም ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ኋላም በ2018 ከማላዊ የወጣ ጥናት በክትባቱ ምክንያት በጨቅላ ዕድሜ በተቅማጥ የሚደርሰው ሞት በሲሶ ያህል መቀነሱን አመልክቷል። «49 በመቶ» የሚለውን አንብቦ ክትባቱን የናቀ አንባቢ «6.7»ን ሳያነብ አልፏል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የሮታቫይረስ ቅኝት በተመረጡ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀምሯል። ክትባቱም በኖቬምበር 2013 (በ2006 ዓ.ም.) በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት እንዲሰጥ ሆኖ ወደ መደበኛው ፕሮግራም ገብቷል። ከእንዲህ ዓይነት ቅኝት የሚወጣ የዝርያ ዘገባ ለአገር እንዲጠቅም ከዝርያው ስም ጎን የሕፃኑ ዕድሜ፣ የወሰደው የክትባት መጠንና ቀን፣ የምግብ ሁኔታው፣ የሕመሙ ክብደት፣ የተመረመሩትና የታመሙት ጠቅላላ ቁጥር ሊሰፍር ይገባል። ይህ ሥራ ከቤተ ሙከራው በፊት የሚጀምረው በክትባት ካርዱና በሕክምና መዝገቡ ላይ ነው። ቀኑ ያልተጻፈ ካርድ የትኛውም የዘረመል ምርመራ ሊጠግነው የማይችል ክፍተት ይተዋል።

ሕክምናውም ዝርያ አይመርጥም። በጂ1ም ሆነ በጂ12 የታመመ ሕፃን የሚድነው የፈሳሽ መሟጠጡ መጠን በወቅቱ ተለይቶ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ አር ኤስ) እና ዚንክ ተሰጥቶት፣ ጡት መጥባቱ ሳይቋረጥ፣ ሲያስፈልግም በደም ሥር ፈሳሽ ሲያገኝ ነው። እናት ልጇ ተከትቦም ተቅማጥ እንደያዘው ስትናገር የሚሰጣት መልስ «ዝርያው ስለማይገጥም ነው» የሚል መሆን የለበትም። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሐዋስያን ብዙ እንደሆኑ፣ ክትባቱ ከሮታቫይረስ በተለይም ከከባዱ ሕመም እንደሚከላከል፣ ሁሉንም ግን እንደማያስቀር ሊነገራት ይገባል።

ለማጠቃለል ያህል የሮታቫይረስ ዝርያዎች ዝርዝር ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ብቻውን ግን የክትባት ፍርድ አይሆንም። ወደፊት በዚህ ርዕስ ላይ የሚጽፉ ባለሙያዎች የዝርያ አለመግጠምን በመደምደሚያ ላይ ከማስፈራቸው በፊት በመረጃቸው ውስጥ የተከተቡና ያልተከተቡ ሕፃናት በዝርያ ተለይተው መነጻጸራቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። ይህ ንጽጽር ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ቢቀር ይሻላል።